ላፕቶፑ ተሻገረ፣ ዴስክቶፑ ቀረ፦ ወደማይለወጥ ሊኑክስ የመዛወር አንድ ውሳኔ

አፕዴቱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ባትሪው ካረጀ ቆይቷል። «30 በመቶ ቀርቷል» እያለ በድንገት የመሞት አመል እንዳለው አውቃለሁ፤ ቻርጀሩም አጠገቤ ነበር፤ አልሰካሁትም። መልሼ ሳስነሳው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) «የስር ፋይል ሲስተሙን ማግኘት አልቻልኩም» ብሎ ቆመ። ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፣ አብሮት የሚሄደው የመነሻ ራምዲስክ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ መጀመሪያ የሚያነበው የፋይል ጥቅል) ግን ግማሹ ብቻ ነው የተጻፈው።

የድሮውን ከርነል ከሜኑው መርጬ ገባሁ። ከድጡ ወደ ማጡ። ፕሮግራሞችን በፓኬጅ፣ ማለትም በጥቅል፣ የሚጭነው የፓኬጅ ማኔጀር መዝገብ ላይ ብዙ ፓኬጆች ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፍረዋል፤ አዲሱ ገብቷል፣ አሮጌው ገና አልወጣም። ዋይፋይ ይሰራል፣ ድምፅ አይሰራም። አንድ በአንድ እያጸዳሁ እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ጠዋት ማስረከብ የነበረብኝ ስራ ያልተነካ ሆኖ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሲልቨርብሉን ጫንና ተገላገል እንጂ!» አለ። ሲልቨርብሉ የፌዶራ ፕሮጀክት የሚያወጣው፣ «የማይለወጡ» ከሚባሉት ሊኑክሶች አንዱ ነው። እሱ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ያለ ምክር ሲመጣልኝ ቀድሜ የምጠይቀው መካሪው የሚሰራው ስራ ከእኔ ስራ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ብራውዘርና ተርሚናል ውስጥ ነው የሚውለው። እኔ ሁለት ማሽን አለኝ። አንዱ ፕሮግራም የምጽፍበትና ሰነድ የማዘጋጅበት ይኸው ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው የቀረጻ ክፍላችን ውስጥ ያለ፣ ከካሜራ የሚመጣ ትምህርት የሚቀዳበት ዴስክቶፕ ነው፤ የሚጠቀሙበት ሌሎች ናቸው፣ ሲበላሽ የሚደወልልኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ «ልዛወር ወይስ ልቅር» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያውም ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ለመወሰን ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ነገሩ ምንድን ነው

«የማይለወጥ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የፌዶራ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2024 እነዚህን ዴስክቶፖች በአንድ ላይ «አቶሚክ» ብለው የሰየሟቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሲስተሙ ፈጽሞ አይለወጥም ማለት ትክክል አይደለም። ለንባብ ብቻ የሆነው ፕሮግራሞቹ የሚኖሩበት የዩኤስአር ፎልደር ነው። ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ኢቲሲ ይጻፍበታል። በስራ ላይ የሚለዋወጥ ዳታ የሚቀመጥበት ቫርም ይጻፍበታል፤ የተጠቃሚው የቤት ፎልደርም በእውነቱ ያለው እዚያው ቫር ውስጥ ነው። አፕዴት ሲመጣ እየሰራ ያለው ሲስተም አይነካም፤ አዲሱ የፋይል ዛፍ ከጎኑ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ወደ አዲሱ ይገባል፣ አሮጌውም ሜኑው ላይ ይቆያል። አፕዴቱ ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። አቶሚክ ማለት ይህ ነው።

ከስር ሆኖ ይህን የሚሰራው ኮሊን ዋልተርስ የጀመረው ኦኤስትሪ ነው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን የምታውቁ ሰዎች ለሲስተም ፋይሎች የተሰራ ጊት ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። በሁለቱ ዛፎች መካከል ያልተለወጡ ፋይሎች በሃርድ ሊንክ (አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ስም) ስለሚጋሩ፣ ሁለት ሲስተም ማስቀመጥ የዲስክ ቦታውን እጥፍ አያደርገውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አንድሮይድ ከ7.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ወዲህ፣ በሁለት ክፍል እየተፈራረቀ ራሱን ማደስ ይችላል፤ ክሮምኦኤስ ከዚያም በፊት እንዲሁ ነበር። ስቲም ዴክ በ2022 ሲወጣ ይዞት የመጣው ስቲምኦኤስም ስሩ ለንባብ ብቻ ነው። ኒክስኦኤስ የሚባለው ሊኑክስ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። ስልኩ የሲስተም ክፍሉ ላይ ስለማያስጽፍ የሚማረር ሰው አላየሁም። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን የሚያንገበግበን ለዓመታት እጃችንን እዚያ ውስጥ ማስገባት ስለለመድን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ሲልቨርብሉን የመረጥኩት በቴክኒክ አወዳድሬ አይደለም፤ ሲቸግረኝ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ ስለተቀመጠ ነው። ሲልቨርብሉ በዚህ ስሙ ከ2018፣ ከፌዶራ 29 ጀምሮ ስላለ ጨቅላም አይደለም። ኒክስኦኤስን ሳልሞክረው ተውኩት፤ የራሱን ቋንቋ ለመማር የሚጠይቀውን ጊዜ እኔ በዚያ ወር አልነበረኝም።

የብልሽት መዝገቤ

ማሽን በተበላሸብኝ ቁጥር ሁለት መስመር የምጽፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል አለኝ። አራት ዓመት ወደኋላ ስሄድ ሰባት ብልሽት አገኘሁ። እያንዳንዱን እያነሳሁ «ያኔ ሲልቨርብሉ ላይ ብሆን ኖሮ ይህ ይደርስብኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ።

የባትሪው ጉዳይ አይደርስም ነበር። አንድ ቀን አንድ ፓኬጅ ላጠፋ ብዬ «የማያስፈልጉትንም አብረህ አንሳ» የሚለውን ትእዛዝ ሳላነብ ስፈቅድ ሙሉው ዴስክቶፕ አብሮ ተጠራርጎ ሄዶ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሪስታርት አድርጎ አሮጌውን በመምረጥ ያበቃ ነበር። የግራፊክስ አፕዴት ስክሪኑን እያንቀጠቀጠብኝ አምስት ፓኬጅ በእጄ ወደኋላ የመለስኩበት ቀንም እንዲሁ። የቡት ፓርቲሽኑ በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ አፕዴቱ መሀል ላይ የቆመበት ቀን ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው፦ ሲልቨርብሉም ከርነል የሚያስቀምጠው እዚያው ስለሆነ ሊሞላበት ይችላል፤ ቢሞላ ግን አዲሱ ሳይጠናቀቅ ይቀራል እንጂ እየሰራ ያለው አይፈርስም። እነዚህ አራቱ ናቸው።

የቀሩት ሦስቱ ግን አፌን አዘጉኝ። አንዱ፣ የቤት ፎልደሬ ውስጥ የነበረ የዴስክቶፕ ኤክስቴንሽን ከአዲሱ ቨርዥን ጋር ተጣልቶ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ነበር። ለንባብ ብቻ የሆነው የሲስተሙ ክፍል እንጂ ቤቴ አይደለም። ሁለተኛው፣ ዳታቤዝ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲሸጋገር የድሮውን ዳታ አልከፍትም አለ። ዳታው ያለው ቫር ውስጥ ነው፤ ሲልቨርብሉ ወደኋላ ሲመለስ ፕሮግራሙ ይመለሳል እንጂ ቫር አብሮ አይመለስም። እንዲያውም ይባስ ብሎ አሮጌ ፕሮግራምና የተቀየረ ዳታ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ሦስተኛው፣ ኤስኤስዲው ሞተ። ለዚህ ምን ይባላል?

ሰባት ውስጥ አራት ጥሩ ይመስላል። ከፋይሉ ጎን የጻፍኳቸውን የባከኑ ሰዓቶች ስደምር ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ የዲስኩ ሞት ብቻውን ሦስት ቀን ወስዶብኛል፣ አራቱ የሲስተም ብልሽቶች በአንድ ላይ ሁለት ቀን አይሞሉም። ያን ቀን ወደ አዲስ ሲስተም ስለመዛወር ማሰቤን አቁሜ መጀመሪያ ባክአፔን አስተካከልኩ። ይህን እዚህ ላይ የማነሳው፣ ሰዎች ስለዚህ ርዕስ ሲያወሩ «አይበላሽም» የሚለውን ቃል እንዴት በቀላሉ እንደሚወረውሩት ስለሰማሁ ነው።

አራት ዓምድ

ሁለተኛው ስራዬ ላፕቶፑ ላይ በእጄ የጫንኳቸውን ፓኬጆች መዘርዘር ነበር። 83 ሆኑ። በአራት ዓምድ ከፈልኳቸው። መስኮት ያላቸው መተግበሪያዎች፣ 19፣ ፍላትሃብ ከሚባለው ማከማቻ በፍላትፓክ፣ ማለትም ከሲስተሙ ተለይቶ በራሱ ሳጥን ውስጥ በሚጫን ጥቅል፣ ይመጣሉ። ኮምፓይለር፣ ላይብረሪና የመሳሰለው የፕሮግራመር ዕቃ፣ 41፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ማለትም ከዋናው ሲስተም ጎን በሚኖር ሌላ ትንሽ ሲስተም ውስጥ፣ ይገባል። 14ቱን ለምን እንደጫንኳቸው ጨርሶ አላስታወስኩም፤ አንዱን ስሙን ከአምስት ዓመት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። የቀሩት 9 ሲስተሙ ላይ ካልተጫኑ አይሰሩም ብዬ ያመንኩባቸው ነበሩ።

ውሳኔው ያለው በእነዚህ ዘጠኙ ላይ ነው። ሲልቨርብሉ ላይ ፓኬጅ በሲስተሙ ላይ መደረብ ይቻላል፤ አርፒኤም-ኦኤስትሪ የሚባለው መሳሪያ ይሰራዋል። የተደረበ ፓኬጅ ግን በእያንዳንዱ አፕዴት አብሮ እንደገና ይቀመማል። በበዛ ቁጥር አፕዴቱ ይዘገያል፣ የመጋጨቱም ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ዘጠኙን አንድ በአንድ «እውነት አንተ እዚህ መሆን አለብህ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

የፕሪንተር ድራይቨሩ መሆን አልነበረበትም። ፕሪንተሩ ያለ ድራይቨር፣ አይፒፒ በሚባለው የጋራ የማተሚያ ደንብ እንደሚያትም ያወቅኩት ያኔ ነው፤ አምራቹ የሰጠውን ፓኬጅ ለዓመታት በከንቱ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ፎንቶቼ የቤት ፎልደር ውስጥ ተቀመጡ። የቪፒኤን ፕሮግራሙ አስቸጋሪ ነበር፤ የመጫኛ ስክሪፕቱ ዩኤስአር ውስጥም ኦፒቲ የሚባለው ፎልደር ውስጥም ይጽፋል። የምንገናኝበት ሰርቨር ግን ዋየርጋርድ የሚባለውን የቪፒኤን ዓይነትም ይቀበላል፤ ዋየርጋርድ ደግሞ ከ5.6 ጀምሮ፣ ከ2020 ወዲህ፣ ከርነሉ ውስጥ አለ። የማስተካከያ ፋይሉን ለኔትወርክ ማኔጀሩ ሰጠሁት፣ ተገናኘ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኙ ሦስት ቀሩ፦ የምወደው የተርሚናል ሼል፣ የዲስክ ጤና መመርመሪያና የቪዲዮ ኮዴኮች (ቪዲዮ ለማጫወት የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎች)።

ዴስክቶፑ ላይ በእጅ የተጫነው 26 ብቻ ነበር። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ «ይሄኛውማ ቀላል ነው» ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። እመለስበታለሁ።

በአሮጌ ዲስክ ላይ ሦስት ሳምንት

ዋናውን ኤስኤስዲ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩና አሮጌ ኤስኤስዲ አስገብቼ ሲልቨርብሉን ጫንኩ። ሁለቱን ሲስተም በአንድ ዲስክ ላይ ማጎራበት አልፈለግኩም። ካልተስማማኝ ዊንጭ ይዤ በአስር ደቂቃ ወደ ነበርኩበት መመለስ መቻሌ ልቤን አሳረፈው።

በመጀመሪያው ምሽት ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ በአስተዳዳሪ ስልጣን ዩኤስአር ውስጥ ባዶ ፋይል ለመፍጠር ሞከርኩ። «ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ ዩኤስአር ውስጥ ያለው ሎካል ፎልደር ውስጥ ሞከርኩ፤ ፋይሉ ምንም ሳይል ተፈጠረ። ሎካል በእውነቱ ወደ ቫር የሚያመለክት ሊንክ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ነገር ይጻፋል፣ ወደኋላ ሲመለሱም አይመለስም። አንዳንድ የመጫኛ ስክሪፕቶች ፋይላቸውን የሚበትኑት እዚያ ስለሆነ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዋናውን ፈተና ፈተንኩት። አፕዴት አስጀመርኩና ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እየወረደ ሳለ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ያቺ ሌሊት ከጭንቅላቴ አልወጣችም። መልሼ ሳስነሳው ሲስተሙ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገባ፤ ድምፁም ዋይፋዩም አለ። አፕዴቱን እንደገና አዘዝኩት፣ ጨረሰ።

ሁለተኛውን ሙከራ ያደረግኩት በተንኮል ነው። አፕዴቱ «ተጠናቋል፣ ሪስታርት አድርግ» እስኪል ጠበቅኩና በወጉ ሳላጠፋው ቁልፉን ይዤ ገደልኩት። ሲነሳ ገባ፤ የገባው ግን ወደ አሮጌው ነው፣ አዲሱ ሜኑው ላይም የለም። የት ሄደ? ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ሲስተም ሲዘጋጅ ገና በተጠንቀቅ ነው የሚቆመው። የመጨረሻው እርምጃ፣ ያስተካከልናቸውን የኢቲሲ ፋይሎች ከአዲሱ ጋር ማዋሃድን ጨምሮ፣ የሚፈጸመው ማሽኑ በስርዓት ሲዘጋ ነው። በስርዓት ካልተዘጋ አዲሱ ይቀራል፣ አሮጌው ይቀጥላል። ምንም አልተበላሸም። ላፕቶፑን ሁልጊዜ እያስተኛ እንጂ እያጠፋ የማይሄድ ሰው ግን አፕዴት ያደረገ እየመሰለው በአሮጌው ላይ ሊከርም ይችላል። ባልደረባዬን ማሽኑን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ ሪስታርት ካደረገው 40 ቀን ሆኖታል። «ተገላገል» ያለኝ ሰው!

የራሴ ባክአፕ ስክሪፕት ደግሞ በዘጠነኛው ቀን ጉድ ሰራኝ። ስክሪፕቱ ከመጀመሩ በፊት የፎልደሩን እውነተኛ አድራሻ ይጠይቃል፤ «እነዚህን አትቅዳ» የሚለው ዝርዝሬ ደግሞ በሙሉ በሆም የሚጀምር ነው። ሲልቨርብሉ ላይ ሆም ወደ ቫር ውስጠኛው ሆም የሚያመለክት ሊንክ ስለሆነ የተመለሰው አድራሻ በቫር ይጀምራል። ስለዚህ ዝርዝሩ አንድም ፋይል አልያዘልኝም፤ የብራውዘር ካሹ፣ የወረዱ ምስሎች፣ ሁሉም ወደ ባክአፕ ዲስኩ ገባና ዲስኩ ሞላ። ጥገናው አንድ መስመር ነበር። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጉድፎች ግን በማንም የማስተዋወቂያ ገጽ ላይ አይጻፉም።

ፕሮግራም የመጻፉ ስራ ሁለት ቀን አደናገረኝ። ኤዲተሬን በፍላትፓክ ጫንኩት፤ ኮምፓይለሩን አያየውም፣ ምክንያቱም በራሱ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። መፍትሔው ኤዲተሩንም ኮምፓይለሩንም ዲስትሮቦክስ የሚባለው መሳሪያ በሚሰራው አንድ ኮንቴይነር ውስጥ አስገብቶ፣ የኤዲተሩን አይከን ወደ ዋናው ሜኑ ማውጣት ሆነ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ አይታወቅም። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ኮንቴይነሩ የቤት ፎልደሩን ይጋራል፤ እዚያ ውስጥ የተሰረዘ ፋይል በእውነት ተሰርዟል፣ ማግለያ አይደለም። ሁለተኛው፣ 41ዱ ፓኬጆች ከሲስተሙ ወጡ እንጂ የትም አልጠፉም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ያው የድሮው ዓይነት ሲስተም ነው፤ አፕዴት ካላደረጉት አይታደስም፣ መሀል ላይ ከተቋረጠም ይበላሻል። ዝብርቅርቁ ክፍል ቀየረ። ጥቅሙ ሲበላሽ ጠራርጎ መጣል መቻሉ ነው፤ የፓኬጆቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል ጽፌ አንድ ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ፈጠርኩት፣ ቡና አፍልቶ የመመለስ ያህል እንኳ አልቆየም።

በጣም ያናደደኝ ግን ኮዴኩ ነው። የደረብኩት ከዋናው ውጪ ካለ ማከማቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መሠረቱ፣ ማለትም ከፌዶራ የሚመጣው ሲስተም፣ ወደ አዲስ የላይብረሪ ቨርዥን ሲሄድ ውጪያዊው ማከማቻ ዘገየ፣ አርፒኤም-ኦኤስትሪም ሁለቱ አይጣጣሙም ብሎ አፕዴቱን እምቢ አለ። ያለው ሲስተም አልፈረሰም፤ ይህን አደንቃለሁ። በድሮው ሲስተሜ ቢሆን ግማሹን አድሶ ግማሹን ሊተወው ይችል ነበር። ግን እምቢታው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሲልቨርብሉ ላይ ፋየርፎክስ ከመሠረቱ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አንድ የቪዲዮ ኮዴክ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የብራውዘሬን የደህንነት ጥገና ይዞ አገተብኝ። አቶሚክ የሚለው ቃል ሌላው ፊቱ ይህ ነው፦ ሁሉም አብሮ ይገባል፣ ወይም ሁሉም አብሮ ይቀራል።

በአስረኛው ቀን ኮዴኮቹን አነሳኋቸው። ቪዲዮ ማጫወቻው በፍላትፓክ መጣ፣ የሚያስፈልገውን ይዞ። ፋየርፎክስንም ከመሠረቱ አስወጥቼ በፍላትፓክ ተካሁት፤ አሁን የራሱን አፕዴት በራሱ ጊዜ ያገኛል። ከውጪ ማከማቻ ምንም ላለመደረብ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ላፕቶፑን በተመለከተ ውሳኔው ያለቀው ያን ቀን ይመስለኛል፦ ያጋጠመኝ ትልቁ ችግር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈትቶ፣ በመንገዱም ላይ ምንም ነገር አልፈረሰም።

የማይጠቅሙ ቅሬታዎችን አልዘረዝርም፤ አንድ ብቻ፦ ፍላትፓክ ቦታ ይበላል። እያንዳንዱ መተግበሪያ የቆመበት መሠረት ቨርዥን ይለያያል። የፍሪዴስክቶፕ መሠረት በየዓመቱ አዲስ ስለሚወጣ፣ ሰነፍ መተግበሪያ የድሮውን ይዞ ይቆያል፣ የእኔ ዲስክም ሁለቱንም ይሸከማል። ትንሽ ዲስክ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ዴስክቶፑ

ሃያ ስድስት ፓኬጅ። ሃያ አራቱን በአንድ ሰዓት መደብኩ። አንዱን ለምን እንደተጫነ ረሳሁት። የመጨረሻው የቪዲዮ መቅጃው ካርድ ድራይቨር ነበር።

ካርዱ ከካሜራ የሚመጣውን ምስል የሚቀበል ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ የለም፤ አምራቹ የሚሰጠው የመጫኛ ስክሪፕት አለ። ስክሪፕቱ የከርነሉን ሄደር (ለግንባታ የሚያስፈልጉ ፋይሎቹን) ፈልጎ ሞጁሉን፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚሰካውን ድራይቨር፣ እዚያው ማሽኑ ላይ ይገነባል፣ ዩኤስአር ውስጥ የከርነል ሞጁሎች ካሉበት ቦታ ያስቀምጣል፣ ከርነል በተቀየረ ቁጥርም ይህን ይደግማል። ሲልቨርብሉ ላይ ያ ቦታ ለንባብ ብቻ ነው። ስክሪፕቱ በሦስተኛው መስመር ሞተ።

መንገድ የለም ማለት አይደለም። ሙሉውን ሲስተም እንደ ኮንቴይነር ምስል፣ ማለትም እንደ አንድ የተዘጋጀ የፋይል ጥቅል፣ ራስ ገንብቶ፣ ሞጁሉንም ለዚያው ከርነል አብሮ አስገብቶ፣ ማሽኑን ከዚያ ምስል ማስነሳት ይቻላል። ብሉፊንና ባዚት የሚባሉት ሊኑክሶች የሚሰሩት በዚህ ዓይነት ነው። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሰጠሁትና ተሳካልኝ፤ ካርዱ የካሜራውን ምስል አመጣ። እሁድ ማታ በኩራት ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት የቀረጻ ክፍሉን ለሚመሩት ሰው አሳየኋቸው። በዕድሜም በስራም ይቀድሙኛል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦

«ጥሩ። አንተ በሌለህበት ሳምንት አዲስ ከርነል ቢመጣስ?»

«ምስሉ በራሱ ይገነባል፣ ጋሼ። ካልተገነባ አሮጌው ይቀጥላል።»

«ያልተገነባ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እኔ መልእክት ይደርሰኛል።»

«እሱን ነው የምልህ፣ ልጄ። ዛሬ አንድ ማሽን ነው ያለን። ነገ አንድ ማሽንና የአንተ ፋብሪካ ሊኖረን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ላፕቶፔ ላይ ሌሎች ገንብተው የሚያወጡትን ምስል ነው የምቀበለው፤ እሱን የሚፈትኑት ብዙ ሰዎች ናቸው። ዴስክቶፑ ላይ ግን ምስሉን የምገነባው እኔ፣ የምፈትነው እኔ፣ የሚጠቀመውም በዓለም ላይ አንድ ማሽን ብቻ ሊሆን ነው። ከዚያ ውስጥ የሚገኘው መተማመን ከእኔ ጥንቃቄ አይበልጥም። የድራይቨሩን ሞጁል፣ ያልተፈረመ ኮድ ለማያስገባው ሴኪዩር ቡት፣ በራሴ ቁልፍ መፈረምም ሲጨመርበት፣ ለማስወገድ ያሰብኩትን ሸክም ሌላ ስም ሰጥቼ መልሼ ልሸከመው ነበር።

ስለዚህ ዴስክቶፑ ቀረ። እንደነበረ ግን አልተውኩትም። ቢትሪኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ እንደገና ጫንኩትና ስናፐር የሚባለው መሳሪያ ከእያንዳንዱ የፓኬጅ ስራ በፊትና በኋላ የሲስተሙን ቅጽበታዊ ቅጂ እንዲይዝ አደረግኩ፤ ኦፕንሱሴ የሚባለው ሊኑክስ ሲጫን በራሱ የሚያደርገው ነው፣ ከማስነሻው ሜኑም ወደ አሮጌ ቅጂ መግባት ይቻላል። ይህ አቶሚክ አይደለም። አፕዴቱ አሁንም የሚጻፈው እየሰራ ባለው ሲስተም ላይ ነው፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ ይበላሻል። ልዩነቱ ከተበላሸ በኋላ የሚመለሱበት ቦታ መኖሩ ነው። ቀረጻ በሌለበት ቀን ብቻ፣ ሰው አጠገቡ ባለበት አፕዴት ይደረጋል፣ ከዚያ ካርዱ ምስል ማምጣቱ ይታያል። ጋሼ ይህን በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል።

ከስምንት ወር በኋላ

ላፕቶፑ ሲልቨርብሉ ላይ ነው። መሳቢያ ውስጥ የቆየውን ኤስኤስዲ በአራተኛው ወር አጥፍቼ ለሌላ ስራ ተጠቀምኩበት። ሁለት ጊዜ ወደኋላ ተመልሻለሁ፦ አንዴ ስክሪኑ ሲንቀጠቀጥ፣ አንዴ ከተኛበት አልነቃ ሲል። በሁለቱም ጊዜ ሜኑው ላይ አሮጌውን መረጥኩ፣ ስራዬን ቀጠልኩ፣ ከሳምንት በኋላ የተስተካከለው መጣ። አንድ ጊዜ ወደ አዲስ የፌዶራ ቨርዥን ተሸጋግሬያለሁ፤ ከመሸጋገሬ በፊት የነበረውን ሲስተም እንዳይጠፋ ቸነከርኩት፣ ከወር በኋላ ፈታሁት።

ያልጠበቅኩት ጥቅም አለ። ኢቲሲ ውስጥ ከመሠረቱ የተለየውን ብቻ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፤ እኔ የነካኋቸው 22 ፋይሎች ናቸው። ለአስር ዓመት ሊኑክስ ስጠቀም የራሴን ማሽን ምን ምን እንዳደረግኩት በአንድ ስክሪን አይቼ አላውቅም ነበር። የተደረቡት ፓኬጆች ሁለት ናቸው። ላስታውሳቸው ካልቻልኩት 14 ውስጥ አንዱም አልናፈቀኝም።

ባትሪውን አልቀየርኩትም። አሁንም 30 በመቶ ላይ ይሞታል።

የዴስክቶፑ ዝርዝር አራተኛ ዓምድ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ካርዱ ሲያረጅ ለሚተካው የሚያስፈልጉትን መስፈርቶች ጋሼ ሲጽፉ፣ ከካሜራ መሰኪያው ዓይነት ቀጥሎ «ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ» የሚል መስመር አስገብቻለሁ።